«ጨርሰው!» ሲባል

አቅራቢ 1፦ አድማጮቻችን፣ ሞርታል ኮምባት የተባለውን የፍልሚያ ቪዲዮ ጨዋታ የተጫወተ ሁሉ ይህችን ቅጽበት ያውቃታል። ተሸናፊው ራሱን ስቶ እየተንገዳገደ ቆሟል። «ጨርሰው!» የሚል ወፍራም ድምፅ ይመጣል።

አቅራቢ 2፦ ድሉ እኮ ቀድሞ ተገኝቷል! ታዲያ ምን ቀረ?

አቅራቢ 1፦ ችሎታ ማሳየት ነዋ፣ እህቴ። ለመጨረሻው ምት ቁልፎቹን በቅደም ተከተላቸው፣ ከትክክለኛው ርቀት፣ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ መጫን ይጠይቃል። ኤድ ቡንና ጆን ቶባያስ የሠሩት ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1992 በየመጫወቻ ቤቱ ሲገባ ምስጢሩ ከልጅ ወደ ልጅ በጆሮ ነበር የሚተላለፈው። ያቺን ምስጢር ማወቅ ትልቅ ክብር ነበር።

አቅራቢ 2፦ ችሎታውን አልክድም። ነገር ግን ሰብ-ዜሮ የተባለው ተዋጊ የተጋጣሚውን ጭንቅላት ከነአከርካሪው መንጭቆ ሲያወጣ አስበው። ተዋጊዎቹ ደግሞ ሥዕል አይደሉም፤ በካሜራ የተቀረጹ ተዋንያን ናቸው። እኔን የሚዘገንነኝ ይኸው ነው። የአሜሪካ ሴኔትም እ.ኤ.አ. በ1993 መጨረሻ ጉዳዩን በይፋ መረመረ፤ በዓመቱ ለጨዋታዎች የዕድሜ ደረጃ የሚያወጣው ኢኤስአርቢ ተቋቋመ።

አቅራቢ 1፦ የጨዋታ መሣሪያ አምራቹ ኒንቴንዶ እኮ በራሱ ቅጂ ደሙን በላብ ቀይሮት ነበር። በተፎካካሪው በሴጋ ቅጂ ግን በምስጢር ኮድ ደሙ ይመለሳል፤ ገበያውም ወደ ሴጋ አደላ።

አቅራቢ 2፦ ለእኔ የጨዋታው ሁለተኛ ክፍል ይበልጣል፤ ተሸናፊውን ከመግደል ይልቅ ወዳጅነት ማሳየት ተፈቀደ። ወላጆች፣ ጨዋታ ስትገዙ ሽፋኑን እዩ፤ የኢኤስአርቢ «ኤም» ፊደል ካለበት ከ17 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይደለም።