ተጠባባቂው ሯጭ እንዴት ይመረጥ?

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። አንድ የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን ዋናው ሯጩ ቢጎዳበት በእርሱ ፈንታ የሚያሰልፈው ማንን ነው? ብዙ ሰው «ከቀሩት ውስጥ ፈጣኑን» ብሎ ይመልሳል። እኔ ግን ፍጥነት መጠየቅ ያለበት በመጨረሻ ነው እላለሁ፤ ምክንያቱንም በተራ ላስረዳ።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና በመጀመሪያ ስለ ጨዋታው ጥቂት ልበል። በእኛ ዘንድ እግር ኳስ ሲባል በእግር የሚመታው ክቡ ኳስ ነው። የአሜሪካኖቹ ኳስ ግን በሁለት ወገን የሾለ ሞላላ ሲሆን በእጅ ይያዛል፤ ይወረወራል፤ ታቅፎም ይሮጣል። ከያንዳንዱ ወገን 11 ሰዎች ይሰለፋሉ። ኳሱን የያዘው ወገን በ4 ሙከራ 10 ያርድ፣ ማለት 9 ሜትር ያህል ወደ ፊት መግፋት አለበት፤ ካልሆነለት ኳሱን ለባላጋራው ያስረክባል። ጨዋታውን የሚመራውና ኳሱን የሚወረውረው ሰው ኳርተርባክ ይባላል። ኳሱን ከእርሱ እጅ ተቀብሎ በሰው ግድግዳ መካከል ሰንጥቆ የሚሮጠው ደግሞ ራኒንግ ባክ ነው፤ በዚህ ንግግር «ሯጩ» የምለው እርሱን ነው።

ሯጩ ኳሱን በያዘ ቁጥር ከእርሱ የከበዱ ሰዎች ይወድቁበታል። ስለዚህ አንድ ቀን መጎዳቱ የሚያስደንቅ ነገር የለውም። የሚያስደንቀው ያ ቀን ሲመጣ የሚደናገጥ ቡድን መኖሩ ነው። ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

እንግዲህ መራጩ ስለ ተጠባባቂው ሊጠይቃቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አራት ናቸው።

አንደኛ፤ ኳርተርባኩን ይጠብቃል ወይ? ሯጩ ሁልጊዜ አይሮጥም። ኳርተርባኩ ለመወርወር ወደ ኋላ ባፈገፈገ ጊዜ ሯጩ ከጎኑ ቆሞ፣ ሾልኮ የሚመጣውን ባላጋራ በትከሻው መመከት አለበት። ከየት እንደሚመጣ ለይቶ ያላወቀ ተጠባባቂ ጓደኛውን ያስመታል። በዚያን ጊዜ ቡድኑ በአንድ ሯጭ ጉዳት ላይ የመሪውን ጉዳት ይጨምራል። ይህን ሥራ ተመልካች አያጨበጭብለትም፤ ሳይሠራ የቀረ ዕለት ግን ሁሉም ያየዋል።

ሁለተኛ፤ ኳሱን አጥብቆ ይይዛል ወይ? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ በዚህ ጨዋታ ግን የፈሰሰውን የሚለቅመው ብዙ ጊዜ ባላጋራ ነው። ቤንጃርቨስ ግሪን ኤሊስ የተባለው ሯጭ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በኋላም የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንዲሁ ናቸው) በ2008 ቡድኖች ከየኮሌጁ ተጫዋች ሲመርጡ ማንም አልመረጠውም ነበር። ኒው ኢንግላንድ ፓትሪዮትስ ወስዶት በቆየባቸው 4 የውድድር ዓመታት አንድ ጊዜም እንኳ በመደበኛው ውድድር ኳስ ከእጁ አልወደቀም። በ2010 ዋና ሆኖ 1,008 ያርድ ሮጠ። ከእርሱ የፈጠኑ ብዙዎች ነበሩ፤ እንደ እርሱ የታመኑ ግን ጥቂቶች ናቸው።

ሦስተኛ፤ ትምህርቱን ያውቃል ወይ? እያንዳንዱ ቡድን በቃል የሚያዝ እጅግ ብዙ የአጨዋወት ዕቅድ አለው። ዋናው በየሳምንቱ በሜዳ ሲለማመደው፣ ተጠባባቂው በአብዛኛው ቆሞ በማየት መማር አለበት። ሳይጠራ የሚያጠና ተማሪና ፈተና ሲደርስ ብቻ መጽሐፍ የሚገልጥ ተማሪ ልዩነታቸውን ለእናንተ ማስረዳት አያሻኝም።

አራተኛ፤ መጠበቅን ይችላል ወይ? ጄምስ ዋይት በ2014 የመጀመሪያ ዓመቱ በ3 ጨዋታዎች ብቻ ተሰለፈ። በ2016ም የውድድር ዓመት ብዙውን የሚሮጠው ሌጋሬት ብላውንት ሲሆን፣ ዋይት በሩጫ ያገኘው 166 ያርድ ብቻ ነበር። ነገር ግን በየካቲት 2017 በተደረገው የፍጻሜ ጨዋታ ቡድኑ 28 ለ 3 ሲበለጥ ከቆየ በኋላ 34 ለ 28 ሲያሸንፍ፣ ዋይት 14 ኳሶች ተቀበለ፤ 3 ጊዜም ተችዳውን፣ ማለት ኳሱን እስከ ባላጋራው ዳር አድርሶ ነጥብ አስቆጠረ። የመጨረሻውም የእርሱ ነበር።

ፍጥነትስ ለምን በመጨረሻ ይሆናል? የአንድ ቀን ድንቅ ሥራ መራጩን ሊያታልለው ስለሚችል ነው። ቲሚ ስሚዝ በ1987 የውድድር ዓመት በሙሉ 126 ያርድ ብቻ ሮጦ ነበር። ጥር 31 ቀን 1988 በተደረገው የፍጻሜ ጨዋታ የዋሽንግተን ቡድን በመጀመሪያ አሰላለፍ አስገባው፤ እርሱም በ22 ሩጫ 204 ያርድ ሮጦ የፍጻሜውን ጨዋታ ክብረ ወሰን ያዘ። ቡድኑም ዴንቨርን 42 ለ 10 አሸነፈ። በዚያ ቀን ያሰለፈው አሠልጣኝ አልተሳሳተም። ይሁን እንጂ ስሚዝ በመደበኛው ውድድር በዕድሜው ሙሉ የሮጠው 602 ያርድ ብቻ ነው፤ ከ1990 በኋላም በዚያ ሊግ አልተጫወተም። እንግዲህ «በመልካም ቀኑ ምን ያህል ይሠራል?» ብሎ የሚጠይቅ መራጭ ጥያቄውን ገና አጋምሶታል። ሌላው እኩሌታ «በክፉ ቀኑ ምን ያህል ያጎድልብናል?» የሚለው ነው።

ለዚህ ከሁሉ የሚሻል ምስክር የግሪን ቤይ ፓከርስ ታሪክ ነው። በ1967 ሁለቱ ሯጮቻቸው፣ ኤላይጃ ፒትስና ጂም ግራቦውስኪ፣ በአንድ ጨዋታ ላይ ተጎዱ። አሠልጣኙ ቪንስ ሎምባርዲ የኒው ዮርክ ጃያንትስ ያሰናበተውን ቻክ መርሲንን አስመጣ፤ የዬል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረ ነው። ታኅሣሥ 31 ቀን 1967 ብርዱ ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሆኖ ሳለ ከዳላስ ጋር ለዋንጫ ተጋጠሙ። 5 ደቂቃ ያህል ሲቀር በ3 ነጥብ ተበልጠው 68 ያርድ መሄድ ነበረባቸው። ከዚህ ውስጥ 34ቱን፣ ማለት ልክ እኩሌታውን፣ በሩጫም በመቀበልም ያስገኘው መርሲን ነው። በመጨረሻው ሙከራ ኳሱ ለእርሱ ይሰጣል ተብሎ ታቅዶ ሳለ ኳርተርባኩ ባርት ስታር ራሱ ይዞ ገባ። መርሲንም ገፍቶት እንዳይመስል ሁለት እጁን ወደ ላይ አንሥቶ ከኋላው ሲከተል በፎቶግራፍ ይታያል። ቡድኑ 21 ለ 17 አሸነፈ። ክብሩ ለስታር ሆነ፤ ከመንገዱ እኩሌታው ግን የተጠባባቂው ነው።

ከመርሲን ታሪክ አንድ ነገር ልንማር ይገባል። ሰውን መርጦ ወንበር ላይ ማስቀመጥ ብቻ አይበቃም። መራጩም ግዴታ አለበት። ተጠባባቂውን በልምምድ ከዋናዎቹ ጋር ያሰልፈው፤ ጨዋታው በተረጋጋ ጊዜም ጥቂት ያስገባው፤ ከኳርተርባኩ ጋር እጅ ለእጅ ይለማመድ። ባዶ እጁን ያቆዩትን ሰው በጭንቅ ቀን «ለምን አልቻልክም» ማለት ፍርድ አይደለም።

ሌላም የከበደ ነገር አለ። ተጠባባቂ ቦታውን እንዳያጣ ብሎ ሕመሙን ይደብቃል። ተደጋግሞ የሚመታ ጭንቅላት ከዓመታት በኋላ የአእምሮ በሽታ ሊያመጣ እንደሚችል ዛሬ በሕክምና የታወቀ ነው። ስለዚህ «ታምሜአለሁ» ያለውን ተጫዋች ስለ እውነተኛነቱ የሚቀጣ አሠልጣኝ በሌላ ጊዜ የሚሰማው ውሸት ነው። አስተማማኝ ሰው የሚገኘው እውነት መናገር ቦታ በማያሳጣበት ቡድን ውስጥ ነው።

ጓደኞቼ፤ ቡድን ወይም ኮሚቴ ለመምረጥ በምትቀመጡበት ቀን ዋናውን ለመምረጥ ብዙ ሰዓት፣ ምክትሉን ለመምረጥ 5 ደቂቃ አትስጡ። ምክትሉ የሚጠራው ሁሉ ነገር በተበላሸ ሰዓት ነውና፣ ለእርሱ የሚገባው ጥንቃቄ ከዋናው ቢበልጥ እንጂ አያንስም።