ሱዳን ነፃነቷን እንዴት አገኘች?

(በፋው ለስደተኞች ከቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስላስጠጋን አገር ነው። የሱዳንን ገበያና እርሻ ብዙዎቻችን እናውቃለን፤ ከባዕድ አገዛዝ እንዴት እንደወጣች ግን እምብዛም አንነጋገርም። ዘመኖቹን በአውሮፓ አቆጣጠር እጠራለሁ።

እንግሊዝና ግብፅ ጃንዋሪ 19 ቀን 1899 ሱዳንን በጋራ ለመግዛት ተዋዋሉ። በወረቀት ላይ ገዥዎቹ ሁለት፣ ባንዲራዎቹም ሁለት ነበሩ። ይሁን እንጂ የጦሩም የሲቪሉም ሥልጣን በአንድ ጠቅላይ ገዥ እጅ ነበር፤ እርሱንም በዕጩነት የምታቀርበው እንግሊዝ ነበረች። በ1924 ጠቅላይ ገዥው ሰር ሊ ስታክ ካይሮ ላይ ሲገደሉ የግብፅ ጦር ከሱዳን እንዲወጣ ተደረገ። ከዚያ በኋላ እንግሊዞች የተማረውን ወጣት ስለተጠራጠሩት በሼኮችና በናዚሮች በኩል መግዛትን አጠናከሩ። ደቡቡንም ከሰሜኑ ለይተው አስተዳደሩት።

በ1940 ኢጣልያኖች ከሰላንና ጋላባትን ያዙ። የሱዳን ወታደሮችም ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሆነው እስከ ኢትዮጵያ ድረስ ዘልቀው ተዋጉ። ብዙ ወገኖቻችን የቀን ሥራ የሠሩበት የገዳሪፍ የትራክተር እርሻም በዚያው በ1940ዎቹ አጋማሽ ለጦሩ ማሽላ ለማቅረብ የተጀመረ ነው። በ1938 የተቋቋመው የተመራቂዎች ኮንግረስ፣ ከጦርነቱ በኋላ ሕዝቡ ዕድሉን ራሱ እንዲወስን በ1942 በጽሑፍ ጠየቀ። መንግሥት ጥያቄውን አልቀበልም አለ፤ ጥያቄው ግን አልሞተም።

ከዚያ ወዲህ ፖለቲከኞቹ በሁለት ጎራ ተከፈሉ። እስማኤል አል አዝሃሪ ከግብፅ ጋር አንድነትን ሲሹ፣ የኡማ ፓርቲ ደግሞ «ሱዳን ለሱዳናውያን» አለ። ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1953 እንግሊዝና ግብፅ ሱዳን ራሷን እንድትወስን ተስማሙ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ምርጫ ተደረገ፤ አዝሃሪ አሸንፈው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ፤ ውለው አድረውም አንድነቱን ትተው ወደ ነፃነት ዞሩ። ፓርላማው ዲሴምበር 19 ቀን 1955 ነፃነትን አወጀ፤ ጃንዋሪ 1 ቀን 1956 ሱዳን ነፃ አገር ሆነች። የፖርቱጋል ቅኝ ግዛት የነበሩት አንጎላና ሞዛምቢክ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ተዋግተው በ1975 ነፃ መውጣታቸውን ስናስብ፣ የሱዳን መንገድ የሰላም መንገድ ይመስላል።

ነገር ግን ወገኖቼ፣ በካይሮው ድርድር አንድም የደቡብ ሰው አልተቀመጠም። እንግሊዞች ለቀው የሄዱባቸው ወደ 800 የሚሆኑ የሥራ ቦታዎች ሲከፋፈሉም ለደቡብ የደረሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። በኦገስት 1955 በቶሪት የነበሩ የደቡብ ወታደሮች አመፁ። የደቡብ እንደራሴዎች ለነፃነት ድምፅ የሰጡት የፌዴሬሽን ጥያቄያችሁ ይታያል ተብለው ነበር፤ በኋላ ግን ውድቅ ሆነ። ጦርነቱ በ1972 በአዲስ አበባ ስምምነት ቆመ፤ በ1983 እንደገና ተነሣ፤ በ2011 ደቡብ ሱዳን ተለየች።

ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በ1952 ኤርትራን ከኢትዮጵያ ጋር ያገናኘው ፌዴሬሽን በ1962 ፈረሰ፤ በ1967 የኤርትራ ስደተኞች በብዛት ወደ ከሰላ ተሻገሩ። ስደተኛን የሚወልደው ጥይት ብቻ አይደለም፤ የታጠፈ ቃልም ይወልደዋል።

ስለዚህ ኮሚቴ ስንመርጥም ሆነ ወደ አገር ስለመመለስ ስንመክር ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ ከዚህ ስብሰባ የቀረው ማን ነው? የተገባው ቃል ምንድን ነው? ቃሉስ ተጽፏል? የሚጠይቅ ሕዝብ ሌላው በወሰነለት አይሄድም።