ደም መጣጮች በአዳሪ ትምህርት ቤት

አንደኛ አቅራቢ፦ አሜሪካዊቷ ደራሲ ሪሼል ሚድ እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2010 በስድስት መጻሕፍት ያሳተሙት «ቫምፓየር አካዳሚ» የተሰኘ ልብ ወለድ፣ ቫምፓየርን፣ ማለትም በአውሮፓ አፈ ታሪክ የሰው ደም እየመጠጠ የሚኖረውን ፍጡር፣ ከጥንታዊ ግንብ አውጥቶ በሞንታና ግዛት ባለ ምናባዊ አዳሪ ትምህርት ቤት ያኖረዋል። ለመሆኑ ትምህርት ቤት ለምን ተመረጠ?

ሁለተኛ አቅራቢ፦ አዳሪ ትምህርት ቤት ወጣቱ ከወላጅ ርቆ በደንብና በእርከን የሚኖርበት ዝግ ዓለም በመሆኑ፣ የመደብ ልዩነትን አጉልቶ ለማሳየት ያመቻል፤ በዚያም አስማት ያላቸውና እንደ ሰው የሚሞቱት ሞሮይ የተባሉ ቫምፓየሮች በጌትነት ሲኖሩ፣ የቫምፓየርና የሰው ድብልቅ የሆኑት ዳምፊር ሞሮይን ከማይሞቱትና ከገዳዮቹ ቫምፓየሮች ከስትሪጎይ ለመጠበቅ ከልጅነታቸው ጀምሮ ይሠለጥናሉ።

አንደኛ አቅራቢ፦ እንግዲያውስ የዋና ገጸ ባሕርያቱ፣ የዳምፊሯ ሮዝና የሞሮይ ልዕልቷ ሊሳ ጓደኝነት፣ ምንም እንኳ ጥልቅና እውነተኛ ቢሆን፣ አንዷ ለሌላዋ ሕይወቷን እንድትሰጥ የሚጠበቅበት እኩልነት የጎደለው ትስስር ነው ማለት ይቻላል።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ የመጻሕፍቱ ክብደትም እዚህ ላይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ፊልም፣ በ2022 ደግሞ የቴሌቪዥን ድራማ የሆነው ይህ ታሪክ ወጣቱን ስለ ታማኝነትና ስለ ፍትሕ እንዲጠይቅ ስለሚያነሣሣ፣ ወላጆችና መምህራን እንዲህ ያሉ መጻሕፍትን ከመከልከል ይልቅ ከልጆቻቸው ጋር አንብበው ሊወያዩባቸው ይገባል።