ጎህ ሳይቀድ

ቤት ተቀምጦ የሚጽፍ ሰው ሥራ የፈታ ይመስላል። «አንተ እንኳን እቤት ነህ» ይባልና ሲሊንደር ሊያስሞላ ይላካል፤ ሲመለስ ቡና ተፈልቷል፣ ከአቦል ተነስቶ መሄድ ደግሞ ነውር ነው። (ቡናውንም አልጠላሁ!)

አሜሪካዊቷ ቶኒ ሞሪሰን በ1970 እ.ኤ.አ. የታተመውን የመጀመሪያ ልቦለዷን ስትጽፍ፣ ቀን አርታኢ፣ ማታ የሁለት ወንዶች ልጆች ብቸኛ አሳዳጊ ነበረች። ልጆቹ «እማዬ» ሳይሉ፣ ገና በጨለማ ተነስታ ቡናዋን አፍልታ ትጽፍ ነበር። የተለየ ክፍል እስኪገኝ አልጠበቀችም፤ የምወድላት ይህንን ነው።

ባለ አንድ ክፍል ቤትም ቢሆን የምግብ ጠረጴዛው ጥግ ይበቃል፣ ስልኩ ራቅ ብሎ ካደረ። የሚከብደው ለቤተሰብ መንገሩ ነው፦ «እስከ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ማንም ቢመጣ፣ የለም በሉ።»