ታሆ ሐይቅ በረዶ የማይሆነው ለምንድን ነው?

(ሙዚቃ ዝቅ ይላል)

አቅራቢ፦ የኦክላንድና የሳን ሆዜ አድማጮቻችን፣ መንገዱ ካልተዘጋጋ ታሆ ሐይቅ ከእናንተ በመኪና አራት ሰዓት ገደማ ነው። ከፍታው 1,900 ሜትር ያህል ስለሆነ ከጣና ብዙም አይበልጥም። ጥልቀታቸው ግን አይገናኝም፦ ጣና 15 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ታሆ 501 ሜትር ይወርዳል።

ዙሪያው በረዶ ለብሶ ሐይቁ የማይረጋው በዚህ ጥልቀት ምክንያት ነው። የላዩ ውሃ ሲቀዘቅዝ ይከብድና ይሰምጣል፤ ከሥር ለዘብ ያለው ይተካዋል። ያ ሁሉ ውሃ ቀዝቅዞ ሳያልቅ ጸደይ ይገባል። ስለዚህ በረዶ በስቶ ማጥመድ የለም፤ አጥማጁ በጀልባ ወጥቶ መንጠቆውን ወደ ጥልቁ ይሰድዳል።

የሚፈለገው ማኪናው የተባለው ትልቅ ዓሣ ነው። በ1974 ከታሆ የወጣው አንዱ 17 ኪሎ ያህል መዝኗል። ዝርያው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከሌላ ቦታ መጥቶ የተለቀቀ እንግዳ ነው፤ የሐይቁን ነባር ትራውት ዓሣ ለማጥፋትም የራሱን ድርሻ አዋጥቷል። ደግ እንግዳ አልነበረም!

ሩቅ መሄድ ለማይፈልግ፣ ኦክላንድ አጠገብ ባለው ሻቦ ሐይቅ ትራውት የሚጨመረው ውሃው ሲቀዘቅዝ ነው።

የሳን ሆዜ ሰዎች ግን ተጠንቀቁ፦ የአልማደን፣ የካሌሮና የጓዳሉፔ ግድቦች በድሮ የማዕድን ማውጫ ሜርኩሪ ስለተበከሉ ዓሣቸውን አትብሉ። ዕድሜው 16 የሞላው ሁሉ ደግሞ ከመንጠቆው በፊት የካሊፎርኒያን የማጥመጃ ፈቃድ ይግዛ።