ልጆቻችን የቁጥር ትምህርት አይናቁ
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ኮሌጅ የሚገቡ ልጆች ስላሉን፣ ዛሬ ዳታ ስለሚሉት የመረጃ ሥራ ጥቂት እንናገራለን። ብዙዎቻችን «ቁጥር ጽፎ ምን እንጀራ ይገኛል?» እንላለን። ስሕተት ነው።

በጤና ኬላ የሕፃን ክንድ ሲለካ አይተናል። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ያለ ልጅ ክንዱ ዙሪያውን ከ11.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ፣ በምግብ እጥረት ክፉኛ ተጎድቷል ማለት ነው። ያ ቁጥር መዝገብ ውስጥ ተኝቶ ከቀረ አልሚ ምግቡ ለማን ይላካል? በ2007 ዓ.ም. በከተማችን ስም የተጠራው የሰቆጣ ቃል ኪዳን የሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስቀረት የተገባ ነው። መቅረት አለመቅረቱን የሚነግረን ቆጥሮ የሚያውቅ ሰው ነው።

ስለዚህ ልጆች፣ ዩኒቨርሲቲ የደረሳችሁ ስታትስቲክስን ተመልከቱ፤ ቁጥር አሰባሰብንና አመራመርን ያስተምራል። ኮምፒዩተር ሳይንስም መረጃን በማሽን ማደራጀት ያስተምራል። ነጥብ ያልመጣላችሁ ተስፋ አትቁረጡ፤ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የኮምፒዩተር ሙያ ይዞ መጀመር ይቻላል። ብቻ በስሙ ተስባችሁ አትመዝገቡ። የሚሰጠውን ትምህርት ዝርዝር ጠይቁ፤ ሒሳብም ኮምፒዩተርም ካለበት ደግ ነው።

ወላጆች ሆይ፣ «ሴት ልጅ ሒሳብ አይሆንላትም» አንበል። ውኃውንና እንጨቱን ከወንድሟ ጋር ተካፍላ የጥናት ሰዓት ታግኝ።

የዋግን ችግር የዋግ ልጅ ቆጥሮ ይናገር።



የማኅበሩ ጸሐፊ