ትራክተር በብርድ ጧት ለምን እምቢ ይላል?



የዛሬው ንግግራችን ስለ አሮጌ የናፍጣ ትራክተር ነው። በብርድ ጧት አልነሳ ሲል ምን ማድረግ ይሻላል? ምንስ ማድረግ አይገባም? «እኔ ትራክተር የለኝ፣ ምን ቸገረኝ» የምትሉ ሬዲዮኑን አትዝጉት። በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ ዙሪያ አንድ ትራክተር የባለቤቱ ብቻ አይደለም። የአንዱን ማሳ አርሶ ወደ ሌላው ይሄዳል። በኅዳርና በታኅሣሥ ተሳቢ ጎትቶ እህል ያመላልሳል። አንድ ጧት ከቆመ ተራ የያዘው ሰው ሁሉ ይቆማል። ደግሞም የምንናገረው ነገር አብዛኛው ለናፍጣ ወፍጮም ይሠራል።

በመጀመሪያ ሞተሩ እንዴት እንደሚነሳ እንወቅ። የቤንዚን መኪና ካንዴላ አለው። ካንዴላው የእሳት ብልጭታ ሰጥቶ ቤንዚኑን ያቃጥለዋል። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም። ታዲያ ናፍጣውን ማን ይለኩሰዋል? ሙቀት ነው የሚለኩሰው።

ሙቀቱስ ከየት ይመጣል? የብስክሌት ጎማ በእጅ መንፊያ የነፋችሁ ታውቁታላችሁ። ደጋግማችሁ ስትነፉ የመንፊያው ጫፍ ይሞቃል። አየር ሲታመቅ ይግላል ማለት ነው። ሩዶልፍ ዲዝል የተባለው ጀርመናዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ሞተሩን የሠራው በዚሁ ነገር ላይ ተመሥርቶ ነው። ፒስተኑ በሲሊንደሩ ውስጥ ወደ ላይ ሲወጣ አየሩን ያምቀዋል። አሥራ ስድስት ጣሳ የሚሞላውን አየር አንድ ጣሳ ውስጥ እንደማስገባት ቁጠሩት። በዚያን ጊዜ አየሩ በጣም ይግላል። ናፍጣው እንደ ጉም ሆኖ ይረጭበታል፤ ወዲያው ይነዳል። ሞተሩም ይነሳል።

ብርድ ጧት ላይ ግን ብረቱ ሌሊቱን ሙሉ ሲቀዘቅዝ አድሯል። የታመቀውን አየር ሙቀት ብረቱ ይሰርቀዋል። አየሩ በቂ ካልጋለ ናፍጣው አይነድም።

በእኛ አገር ሌላም ነገር አለ። ቡታጅራና ወልቂጤ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ግድም ላይ ናቸው። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነው። በባሕር ዳርቻ አምስት እጅ የነበረው አየር እዚህ አራት እጅ ያህል ይሆናል። ወደ ዘቢዳር ተራራ በወጣችሁ ቁጥር ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ የደጋ ትራክተር ብርዱም፣ የአየሩ ማነስም በአንድ ጊዜ ያገኙታል። አዲስ ሞተር ይችለዋል። አሮጌው ግን የፒስተኑ ቀለበቶች ስለተበሉ ያለችውን ትንሽ አየር እንኳ በጎን ያሾልካታል።

አንዳንድ ሰው «ናፍጣው ረግቶ ነው» ይላል። ይህ ለእኛ አገር ልክ አይደለም። ናፍጣ የሚረጋው ከእኛ ውርጭ በበረታ ብርድ ነው።

እንግዲህ ትራክተሩ እምቢ ሲል ከመናደድ በፊት መስማትና ማየት ነው። ቁልፉን ስታዞሩ ሞተሪኖው እየጎተተ፣ እያቃሰተ ቀስ ብሎ ከዞረ ችግሩ ከባትሪው፣ ከገመዱ ወይም ከዘይቱ ነው። ሞተሪኖው ደኅና እየዞረ ከጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ ከወጣስ? ናፍጣው ደርሷል፤ ሙቀት ግን አጥቷል። ሞተሪኖው ደኅና እየዞረ ምንም ጭስ ካልወጣ ደግሞ ናፍጣው ጭራሽ አልደረሰም። ይህን የለየ ሰው ግማሹን ሥራ ጨርሷል። ያልለየ ሰው ግን ደኅናውን ዕቃ ሲፈታ ይውላል።

ከባትሪው እንጀምር። እኔ እንደማስበው አብዛኛው የጧት ጣጣ ከዚሁ ነው። ባትሪ ሲበርደው ጉልበቱ ይቀንሳል። ዘይቱም በብርድ ስለሚወፍር ሞተሩን ማዞር ይከብዳል። ጉልበቱ በቀነሰበት ሰዓት ሥራው ይበዛበታል ማለት ነው። የባትሪውን ራስ ተመልከቱ። ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ከያዘ ኤሌክትሪኩ እንደልብ አያልፍም። ገመዱን ስትፈቱ ከትራክተሩ አካል ጋር የታሰረውን ገመድ አስቀድሙ። ስትመልሱ ያንኑ በመጨረሻ እሰሩ። ዱቄቱን በሞቀ ውሃ አጥባችሁ፣ ብረቱ እስኪያብለጨልጭ ፍቃችሁ፣ አጥብቃችሁ እሰሩትና ግራሶ ቀቡት። ከትራክተሩ አካል ጋር የሚታሰርበትንም ቦታ አትርሱ። ዝገትና ቀለም ካለበት ፋቁት። ይህ ሁሉ የሚጠይቀው መፍቻና የግማሽ ሰዓት ድካም ነው። እንዲህ ሳያደርግ አዲስ ባትሪ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን በከንቱ ያወጣል።

በጉራጌ ቤት ከብት ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር እንደሚያድር ሁሉ፣ በብርዱ ወራት ባትሪውንም ቤት ማሳደር ይጠቅማል። ነገር ግን ከምድጃው ይራቅ። ባትሪ የሚነድ ጋዝ ያወጣል። ውስጡ ያለው አሲድም ሥጋ ያቃጥላልና ልጆች እንዳይነኩት ተጠንቀቁ።

አሁን ወደ ዘይቱ እንምጣ። ማንበብ የለመዳችሁ ሰዎች የዘይቱን ቆርቆሮ አንስታችሁ ቁጥሩን እዩ። ቆርቆሮው ላይ 40 ብቻ ከተጻፈ፣ ያ ዘይት በብርድ ጧት እንደ ማር ይወፍራል። 15 ተብሎ፣ ቀጥሎ ሁለት ሸለቆ የምትመስል የፈረንጅ ፊደል ተጽፋ፣ ከዚያ 40 ካለ ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። በብርድ ያን ያህል አይወፍርም፤ ሞተሩ ሲሞቅ እንደ 40 ይሆናል። ፊደሏ ደብሊው ትባላለች። የፈረንጆችን የብርድ ወቅት የምታመለክት ናት። አሮጌ ሞተር ዘይት የሚያፈስ ከሆነ ግን ከመቀየራችሁ በፊት ሞተሩን የሚያውቅ መካኒክ ጠይቁ።

ነጭ ጭስ እየወጣ አልነሳ ያለውን ደግሞ እንመልከት። ፋብሪካው ይህን ብርድ አስቀድሞ አስቦበታል። ብዙዎቹ የማሲ ፈርጉሰን ትራክተሮች በአየር መሳቢያው ቧንቧ ላይ ትንሽ ማሞቂያ አላቸው። ቁልፉ ወደ ማሞቂያው ቦታ ሲዞር ውስጡ ያለው ሽቦ ይግላል። ጥቂት ናፍጣ ይንጠባጠብበትና ይነዳል፤ የሚገባውን አየር ያሞቀዋል። ከ15 እስከ 20 ሴኮንድ ያህል ጠብቆ ነው ሞተሪኖውን ማዞር። ቤላሩስ ትራክተርም የራሱ ማሞቂያ አለው። በ1970ዎቹ ዓመታት በናዝሬት፣ በዛሬዋ አዳማ፣ የትራክተር መገጣጠሚያ ከተቋቋመ በኋላ ቤላሩስ በብዙ የአገራችን ክፍል ታውቋል። ከቤላሩሶች አንዳንዱ ሞተሪኖ እንኳ የለውም። ቤንዚን የምትጠጣ ትንሽ ሞተር ተነስታ ትልቁን ታስነሳዋለች።

ችግሩ ይህ ማሞቂያ ሲበላሽ ማንም አያስተውለውም። በሞቃት ወራት አያስፈልግማ! ሽቦው ይበጠሳል፣ ናፍጣ የምታደርሰው ቀጭን ቧንቧ ትደፈናለች፣ ወይም አንዱ መካኒክ «ምን ያደርጋል» ብሎ ይነቅላታል። መመርመሩ ቀላል ነው። ቁልፉን ወደ ማሞቂያው አዙራችሁ 20 ሴኮንድ ቆዩ። ከዚያ ማሞቂያው የተሰካበትን ቧንቧ በጥንቃቄ በእጃችሁ ዳብሱ። ካልሞቀ ማሞቂያው አይሠራም።

ማሞቂያው እስኪሠራ ድረስ ሙቅ ውሃ ይረዳል። አሮጌውን ውሃ ከራዲያተሩ አፍስሱ። እንደ ትራክተሩ መጠን ከ10 እስከ 20 ሊትር ውሃ አሙቁ። እጅ የሚችለው ሙቀት ይበቃል። የፈላ ውሃ በቀዘቀዘ ብረት ላይ ከፈሰሰ ብረቱ ሊሰነጠቅ ይችላል። ቀስ አድርጋችሁ ሙሉና ብረቱ ሙቀቱን እስኪስብ ጥቂት ጠብቁ።

ጭስ የማይወጣ ከሆነ የማጥፊያውን እጀታ አስቀድማችሁ እዩ፤ ተስቦ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ፊልትሮውን፣ የቧንቧዎቹን መጋጠሚያ፣ በናፍጣው ውስጥ የገባውን ውሃ ተመልከቱ። መጋጠሚያው ላልቶ ማታ አየር ከሳበ ናፍጣው ወደ ጋኑ ይመለሳል። ይህንን መካኒክ ቶሎ ያስተካክለዋል።

አሁን ስለ አደጋው ልናገር፤ እባካችሁ በደንብ አድምጡኝ።

አንዳንድ ሾፌር በሞተሩ ሥር እሳት ያነዳል። የአሮጌ ትራክተር ሆድ ዘይትና ናፍጣ የጠጣ ነው። አጠገቡ አውድማ አለ፤ የጭድ ክምር አለ። ነፋስ አንዲት ፍንጣሪ ከወሰደች የዓመት እህል በአንድ ሰዓት ይነዳል።

ሌላው በቤንዚን የራሰ ጨርቅ በአየር መሳቢያው ላይ ያደርጋል፤ ወይም ኤተር ይነፋል። ማሞቂያው ግሎ እያለ ይህ ከተደረገ እሳቱ ቧንቧው ውስጥ ይፈነዳል፤ ወደ ሰውየው ፊትም ይወጣል። ባይፈነዳ እንኳ ያለጊዜው የሚነደው ጋዝ ፒስተኑን ይመታዋል፣ ቀለበቶቹን ይሰብራል። ቀለበቱ የተሰበረ ሞተር በማግሥቱ ይብሱን አይነሳም።

ከሁሉ የከፋው ግን ይህ ነው። ቁልፉ አልሠራ ሲል መሬት ላይ ቆሞ የሞተሪኖውን ሁለት ብሎኖች በመፍቻ ማገናኘት። ሰውየው የሚቆመው በፊተኛውና በኋለኛው ጎማ መካከል ነው። ማርሽ ገብቶ ከሆነ ትራክተሩ ዘሎ ይሄዳል። ለመሸሽ ጊዜ የለም፤ የኋላው ጎማ ይወጣበታል። በብዙ አገር ሰው የሞተበት ነገር ነው። ትራክተር የሚነሳው ከመቀመጫው ላይ፣ ማርሹ ዜሮ ሆኖ፣ ፍሪሲዮኑ ተረግጦ ብቻ ነው። ፍሪሲዮን መርገጥ ሌላም ጥቅም አለው። ሞተሪኖው የማርሹን ወፍራም ዘይት አብሮ ከማማሰል ይድናል።

ብዙ ሰው ትራክተሩን ዳገት ላይ አሳድሮ ጧት እያንከባለለ ያስነሳል። ችግረኛ ምን ያድርግ እንላለን። ሆኖም ሌሊቱን ጎማው በትልቅ ድንጋይ ካልታገደ፣ ከታችም ቤት ወይም የልጆች መጫወቻ ካለ፣ ይህ ዕዳ ነው። «እንዳይበርደው» ብሎ ሞተሩን ሳያጠፉ ማሳደርም አለ። በሰዓት ከአንድ ሊትር በላይ ናፍጣ ይበላል። እስኪነጋ ስንት እንደሚሆን ራሳችሁ አስሉት።

ይልቅ ማታ የሚሠራው ሥራ ይበልጣል። ሥራ ስታቆሙ ጋኑን በተጣራ ናፍጣ ሙሉት። ባዶ ጋን ሌሊት ውስጡ ጤዛ ይይዛል፤ ጤዛው ወርዶ ከናፍጣው ይቀላቀላል። ትራክተሩን ነፋስ በማያገኘው ቦታ፣ ሞተሩን ወደ ፀሐይ መውጫ አዙራችሁ አቁሙ።

ጧት ሞተሪኖውን ከ15 ሴኮንድ በላይ አታዙሩ። ካልተነሳ አንድ ሁለት ደቂቃ አሳርፉት፤ ባትሪው ጥቂት ጉልበት ይመልሳል። ሞተሩ ሲነሳ ደስ ብሏችሁ ነዳጅ አትርገጡበት። ዘይቱ ገና ላይ አልደረሰም። ቀስ ብሎ ጥቂት ደቂቃ ይሥራ። የዘይቱን መብራት ወይም ሰዓት ተመልከቱ። ጥቂት ሴኮንድ አልፎ መብራቱ ካልጠፋ፣ ወይም የሰዓቱ ቀስት ካልተነሳ፣ ሞተሩን ወዲያው አጥፉና ዘይቱን ለኩ።